የኢናፉኩ ግማሽ እርምጃ

ሶባ፣ ያ በመረቅ የሚበላ ረጅም ፓስታ፣ የምሸጥበት ቤቴ መስኮት ከመንገዱ ማዶ ካለው ከኢናፉኩ ሴይጂ የካራቴ ማሠልጠኛ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ማሠልጠኛ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሮጌ የመኪና ጋራዥ ነው፤ የቆርቆሮ በሩ ወደ ላይ ሲጠቀለል ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፣ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣሪያው አንድ ቦታ ይለቃል። እኔ የአሳማ አጥንት መረቄን እያንተከተክሁ፣ እነሱ በባዶ እግራቸው እየጮኹ፣ ዕድሜያችንን እንዲሁ ፊት ለፊት ስንተያይ ጨረስነው። ካራቴ አልወድም። ሙሉ ሰው አየር ሲመታ ማየት ለእኔ ቁም ነገር ሆኖ አያውቅም። ግን መስኮቱ እዚያ ነው፣ ዓይኔም አለ፤ ሳልወድ በግዴ የኢናፉኩን መምህር የጃሃናን ካታ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሌ አወቅሁት።

ካታ ለማያውቀው ሰው ብቻን የሚደረግ ጠብ ነው። ጠላቱ የለም፤ እጅና እግር የት እንደሚያርፉ ግን አስቀድሞ ተቆርጧል፣ አንዲት እርምጃ ከቦታዋ ብትዛነፍ መምህሩ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። የጃሃና ካታ ከሌሎቹ የሚለየው በአንዲት ነገር ነበር። ሰውየው ፊት ለፊት ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ከዚያ የሚያባርረው ሰው ያለ ይመስል ወደ ግራ ጥግ ይገፋል። ጥጉ ላይ ደርሶ እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ይተወዋል። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስና ጥጉን ዞሮ ያልፋል። ከብራዚልና ከፈረንሳይ የመጡ ግዙፍ ተማሪዎች ሶባዬን እየበሉ በዚህች ግማሽ እርምጃ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። አንዱ ከጦር ማምለጫ ናት ይላል፤ ሌላው ጠላትን መሳቢያ ወጥመድ ናት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ናት ብሎ ጠረጴዛዬን ይደበድባል። የሰፈሩ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ መልስ ነበረው። ኢናፉኩ ግራ እግሩ አንካሳ ነው፤ እርምጃዋም የእግሩ እንጂ የካራቴ አይደለችም ይሉ ነበር።

እኔ የማወራላችሁ ስለዚህ ሰው ነው።

ኢናፉኩ የተወለደው ታባሩ በምትባል መንደር ነው። ዛሬ ታባሩን ልያት ብትሉ አታገኟትም፤ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖቹ አጠሯት፣ ኮረብታዋን ደለደሉት፣ ሣር ተክለውባት የጎልፍ ሜዳ ሆነች። አባቱ አገዳ የሚያለማ ገበሬ ነበር። ኢናፉኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ጃሃና ታሩ ወደሚባል ጋሪ ነጂ ሄዶ አስተምረኝ አለው።

ጃሃና ሀብታም አልነበረም፣ ስመ ጥርም አልነበረም። አገዳ ወደ ስኳር መጭመቂያው በፈረስ የሚያመላልስ፣ ንግግሩ አጭር፣ ክንዱ የጋሪ እንጨት የሚያህል ሰው ነበር ይላሉ። ካታውን የተማረው ከአጎቱ ነው፤ አጎቱም ከገዛ አባቱ። እኚያ አባት በሹሪ ቤተ መንግሥት በር ላይ ዘብ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። የደሴታችን ንጉሥ ከዙፋናቸው ወርደው ወደ ቶኪዮ ሲወሰዱ የዘቡም ቀለብ ተቋረጠ፤ ሰውየው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወረዱ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዶማ ይዘው የማያውቁት ሰው ጠፍ መሬት መቆፈር ጀመሩ። ሁሉን ነገር ሲተዉ ካታውን አልተዉም። የስልቱ የዘር ሐረግ ይኸው ነው፤ ዘቡ፣ ልጃቸው፣ ጋሪ ነጂው፣ ከዚያ ኢናፉኩ። የተጻፈ ነገር የለም፣ ሥዕል የለም፣ ፎቶግራፍ የለም። ከአንዱ ሰው ገላ ወደ ሌላው ሰው ገላ እየተሻገረ ብቻ ነው እዚህ የደረሰው። ይህን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ። የእናቴ መረቅ እንኳ ወደ እኔ ሲሻገር ጨው በዝቶበታል።

የጃሃና ዘመዶች ሲለማመዱ የኖሩት በቤተሰባቸው መቃብር ደጅ ላይ ነው። የእኛ መቃብር ጣሪያው እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ፣ ቤት የሚያህል ነገር ነው፤ ፊት ለፊቱ በድንጋይ የታጠረ ደጅ አለው፣ ወሬኛም አይበዛበትም። ኢናፉኩ ግን ያንን ደጅ አንድም ቀን አላየውም። እሱ በተማረበት ዓመት የጃፓን ወታደሮች መቃብሩን ከፍተው የጥይት መጋዘን አድርገውት ነበር። ስለዚህ ጃሃና ያስተማረው ከስኳር መጭመቂያው ጀርባ፣ ፈረሱ እየዞረ መሬቱን በጠቀጠቀበት ሜዳ ላይ ነው። ጠጠር እንኳ የሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ።

አንድ ቀን ተማሪው ስለዚያች ግማሽ እርምጃ ጠየቀ። ጃሃና የፈረሱን ልጓም እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ "እዚያ አይረገጥም" አለው። ሌላ አልጨመረም፤ ኢናፉኩም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ ብዙ አላወራም፤ በዚህ ደሴት ላይ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱ አለው፣ ሆድ ይፍጀው። ጃሃናና ሚስቱ ወደ ደቡብ ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ሸሹ። አልተመለሱም፣ አጥንታቸውም አልተገኘም። ኢናፉኩን የመድፍ ፍንጣሪ ግራ ጭኑን ተረተረው። በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካታውን በልቡ ብቻ ያደርገው ነበር። ከመምህሩ የቀረው እሱ ብቻ ስለመሰለው አንዷን እንዳልረሳ ብሎ ይሰጋ ነበር። መቆም የቻለ ቀን ተነሥቶ በእግሩ አደረገው። ያቺ ግማሽ እርምጃም በቦታዋ ነበረች። እግሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነክሳል።

መብላት ነበረበትና በአጥሩ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ሣር አጫጅ ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በገዛ መንደሩ ላይ የበቀለውን ሣር ለጎልፍ ተጫዋቾች ሲያጭድ ኖረ። የመምህሩ ቤተሰብ መቃብር ከዚያ ሣር በታች የሆነ ቦታ እንዳለ ያውቃል፤ ኮረብታው ከተደለደለ በኋላ ግን የት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሥራ ሲጀምር የማጨጃውን ሞተር ያጠፋና እጅ ይነሣል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፤ ከዕለታት አንድ ቀን ትክክለኛው ቦታ ላይ እሆናለሁ ብሎ። ወታደሮቹ ይስቁበት ነበር። ይህን የነገረኝ አብሮት ይሠራ የነበረው ባሌ ነው፤ ኢናፉኩማ ስለ ራሱ ሊያወራ ቀርቶ "ዛሬ ሞቀ" ለማለትም ያስባል።

አሁን ቶኬሺን ላምጣው። ቶኬሺ ከኢናፉኩ በስምንት ዓመት ይበልጣል። የጃሃና የመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ የተማረውም እዚያው መቃብር ደጅ ላይ፣ ጦርነት ገና ሳይታሰብ ነው። ከዚያ ኦሳካ ብረት ማቅለጫ ተቀጥሮ ሄደ፣ በዚያው ከመጣው መዓት ዳነ። ሲመለስ ናሃ ከተማ ውስጥ ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ማሠልጠኛ ከፈተ። የእሱ ካታ ከኢናፉኩ ካታ ጋር ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ ግራ ጥጉ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይረግጣል። ወደ ኋላ ብሎ ነገር የለም።

ምላሱ ደግሞ ስለት ነው። በመጣ ቁጥር እኔው ቤት፣ እኔው መረቅ ላይ ተቀምጦ ኢናፉኩን ይጎነትለዋል።

"አንተ፣ ብራዚልን በሙሉ እንዲያነክስ አደረግኸው አሉ" ይለዋል። "ነገ ደግሞ ጥርሳቸውን እንዳንተ የሚያስነቅሉ ይመጡልሃል።"

"መምህራችን እንዲህ ነው ያሳዩኝ፣ ሴምፓይ" ይላል ኢናፉኩ። ቶኬሺ ቀድሞት ለመምህሩ የገባ ነውና ከሴምፓይ ሌላ ብሎት አያውቅም።

"እኔ ዓመታት ሙሉ ደጁ ላይ አብሬው ቆሜያለሁ። አንተ ያየኸው በጥድፊያ ነው። የምታስተምረው ጭንህን ነው እንጂ ጃሃናን አይደለም።"

"እዚያ አይረገጥም ብለውኛል።"

"ፋንድያ ነበራ! ፈረስ የሚዞርበት ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይኖራል?"

ኢናፉኩ አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ጭልፋዬን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ባልገባ ኖሮ ድስቱን አናቱ ላይ እደፋው ነበር።

ሳቁ ግን ከአንገት በላይ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ተማሪዎቹን አስቀረበትና መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ተቀመጠ። ለሌላ ሽማግሌ "እርስዎ" እላለሁ፤ ኦጂ፣ አባባ እንደማለት፣ የምለውን ኢናፉኩን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አያቴ ነው የማየው፣ አያትን ደግሞ እኛ ቤት አንተ ነው የምንል።

"ፉሚ" አለኝ ሶባውን እያማሰለ፣ "ስንት ዘመን በዚህ መስኮት አይተሽኛል። ያቺ እርምጃ የማን ትመስልሻለች?"

"የማን ማለት?"

"የመምህሬ ናት ወይስ የእግሬ?"

"አንተ አታውቅም እንዴ፣ ኦጂ?"

"አውቅ ነበር።" ቾፕስቲኩን አስቀመጠ። "ድሮ ዓይኔን ስጨፍን እሳቸውን አያቸው ነበር፤ ጥጉ ላይ ሲደርሱ፣ ሲመለሱ። አሁንም ስጨፍን አያቸዋለሁ። ግን ሲያነክሱ ነው የማያቸው። እሳቸው ደግሞ አንካሳ አልነበሩም።"

ሰው የገዛ ትዝታው ውስጥ ገብቶ መምህሩን ሲያጣ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ተሳስቼ ከሆነ ያ ሁሉ ሰው ከየአገሩ መጥቶ የተማረው የኔን ቁስል ነው አለኝ፣ ከዘቡ ጀምሮ ሳይበላሽ የመጣውን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለኝ። ሳህኑ ላይ ሥጋ ጨመርኩለት። ሥጋውን አልነካውም።

ነገሩ የከረረው የሁለቱም ተማሪዎች ስልታችን አንድ ሰሌዳና አንድ ስም ይኑረው ብለው ሲነሡ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጥቅምት ላይ በሚደረገው የካራቴ በዓል አብረን እንቁም ተባለ። አብሮ መቆም ማለት ደግሞ አንድ ካታ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እርምጃ መውጣት አለበት። ቶኬሺ የኔን ማንም አይነካትም አለ። ኢናፉኩ አልተከራከረም። ላውጣት ብሎ እሺ አለ። ግማሽ እርምጃዋ ከጋራዡም፣ ከብራዚልም፣ ከፈረንሳይም ልትጠፋ ነው። እሱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ መምህሬ ፊት ልቁም አለ።

ይህንንም ለማለት የደፈረው በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት አሜሪካኖቹ የጎልፍ ሜዳውን አንድ ጎን ለባለመሬቶቹ መልሰው ስለነበር ነው። ያልፈነዳ ቦምብ የሚፈልጉ ሰዎች አፈሩን ሲገልጡ አንድ የመቃብር ጣሪያ ብቅ አለ፤ የጃሃና ቤተሰብ መቃብር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቤተሰብ የቀረችው የጃሃና የወንድም ልጅ ናቤ ኦባ፣ እማማ ናቤ እንደማለት፣ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ዋናው ጃፓን ተልካ በዚያው ቀርታ፣ ኦሳካ አግብታ ወልዳ አርጅታለች። ልጆቿን ይዛ መጣች፤ እነሱም ደጁን ጠረጉት፣ የወደቀውን ግድግዳ መልሰው ካቡት። ከሙታኖቻችን ጋር ምሳ የምንበላበት የሚያዝያ ቀን ሲደርስ ኢናፉኩንና ቶኬሺን ጠራቻቸው።

ኢናፉኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ዱቄት በምጭንበት ቫኔ። ከኋላ የአሳማ ሥጋ፣ የባሕር አረምና የተጠበሰ ቶፉ በሳጥን ጭነናል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ዛሬ ቀጥ ብዬ ነው የምረግጠው" አለ። "ሴምፓይ እንደሚያደርጉት። መምህሬ ቅር ካላቸው እዚያው ይታወቀኛል።"

ስንደርስ ቶኬሺ ነጭ የለበሱ ተማሪዎቹን አሰልፎ፣ ራሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ናቤ ኦባ ትንሽ፣ ወገቧ የጎበጠ፣ የኦሳካ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ኢናፉኩ ደጁ አፍ ላይ ቆሞ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰው። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ከማየት መዳሰስ ይቀለዋል። ስንት ጊዜ እዚህ ላይ ማሽን ነድቻለሁ አለ ለራሱ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ወደ መቃብሩ ዞሮ እጅ ነሣ፣ ካታውን ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያን ካታ ጋራዡ ውስጥ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ለምን እዚህ ላይ እንደሚዞር፣ ለምን እዚያ ላይ እንደሚያጥር ገብቶኝ አያውቅም ነበር፤ መቼም ካራቴ ነው ብዬ ትቼው ነበር። እዚያ ደጅ ላይ ግን ወደ ፊት ሲሄድ እርምጃው ያለቀው መቃብሩ በር ላይ ነው። ሲዞር ክንዱ የቀኙን ግድግዳ ለጥቂት ሳተው። ዝቅ የሚልባት ቦታ ላይ የመሥዋዕቱ ድንጋይ አለ። ካታው ለዚያ ደጅ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነበር። ይህ ሰው ደጁን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም፣ ዓይኑም በቅጡ አያይም፣ ግን ግድግዳው የት እንዳለ እግሩ ያውቃል። መምህሩ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ድንጋይ ሰጥቶታል፣ እሱም ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ድንጋይ ለብራዚሎቹ ሰጥቷል፤ ማንም ምን እንደተሸከመ ሳያውቅ። የያዝኩትን የምግብ ሳጥን መሬት ማስቀመጥ ረስቼ እንደታቀፍኩት ቀረሁ።

ከዚያ ወደ ግራ ጥግ ገፋ። እግሩን አነሣ። ቀጥ ብሎ ሊረግጥ እንደቆረጠ ከመንጋጋው አውቄበታለሁ። እግሩ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። የኢናፉኩ ፊት ጠቆረ። ያ የሚያህል እልህ ይዞ እንኳ ሊረግጥ አልቻለም፤ እንግዲያው እርምጃዋ የገዛ ጭኑ ናት፣ መልሱን አገኘ፤ እንዲህ ነበር የገባው፣ በኋላ ነግሮኛል። ካታውን አቋርጦ ራሱን አቀርቅሮ ቆመ። ከቶኬሺ ተማሪዎች መካከል አንዱ ሲስቅ ሰማሁ።

ናቤ ኦባ ቀስ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

"አመሰግናለሁ" አለችው። "ማን ነገረዎት?"

"ምኑን?" አለ ኢናፉኩ።

"እዚያ እንደማይረገጥ። ትንሿ አለች።"

በጣቷ ወደ እግሩ ሥር አመለከተች። ከባሕር የመጡ ነጫጭ ድንጋዮች በክብ ተደርድረዋል፤ ስገባ አይቻቸው ከግድግዳው የፈረሱ መስለውኝ ነበር። መካከላቸው አንዲት ቁራጭ ጥቁር ስኳር ተቀምጣለች። የት እንዳለሁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕፃን ሲሞት ከትልልቆቹ ጋር ወደ መቃብሩ ውስጥ አይገባም፤ ስሙም ከአያቶቹ ስም ጋር በሰሌዳ አይጻፍም። ደጁ ጥግ ላይ ብቻውን ይቀበራል። እናቴም የቀበረችው አለ።

ቶኬሺ ከበርጩማው ብድግ አለ። "የምን ትንሿ?" አለ። "ጃሃና ልጅ አልነበረውም። እኔ አላውቅም እንዴ?"

"እርስዎ ኦሳካ ከሄዱ በኋላ ነው የተወለደችው" አለች ናቤ ኦባ። "እኔ ነኝ በጀርባዬ ያዘልኳት። መሄድ እንደጀመረች ሳል ያዛትና ሞተች። አጎቴ በየማለዳው ጋሪውን ሳይጠምድ እዚህ ይመጣ ነበር። ውኃ ሳመጣለት አየው ነበር፤ ሲንጎራደድ፣ ሲራገጥ፣ እንደ እብድ። እሷ ጋ ሲደርስ ግን ይመለሳል።"

"ስሟ ማን ነበር?" አለ ኢናፉኩ።

ናቤ ኦባ ብዙ አሰበች። "ሁላችንም ትንሿ ነበር የምንላት" አለች።

የሳቀው ልጅ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጃሃና ታሩን አስቡት፤ በስኳር መጭመቂያው ሜዳ ላይ ቆሟል፣ እግሩ ሥር ምንም የለም፣ ልጁ ያለችበትን ደጅ ወታደር ይዞበታል። ለተማሪው ካታውን ሊያሳየው ይነሣል፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ ገላው እንቢ ይለዋል። ምን ብሎ ያስረዳ? እዚያ አይረገጥም አለው፤ እውነቱን ነው የነገረው።

ቶኬሺ ጫማውን አወለቀ። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹ ሊደግፉት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው። ወደ መቃብሩ እጅ ነሥቶ ካታውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በዚያ በተማረበት ደጅ፣ በሁለት ደህና እግሮቹ። ግድግዳው ላይ ዞረ፣ ድንጋዩ ላይ ዝቅ አለ፣ ወደ ግራ ጥግ ገፋ። እግሩን አነሣ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያፌዝባት የኖረውን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ነጫጭ ድንጋዮቹን ዞሮ አለፈ። ጨርሶ ሲቆም ጉንጩ እርጥብ ነበር።

"ስንት ዘመን ረገጥኳት" አለ።

ኢናፉኩ እያነከሰ ሄዶ ክንዱን ያዘው። "እርስዎ ሲማሩ አልነበረችም፣ ሴምፓይ" አለው።

ከዚያ ቁጭ ብለን በላን። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሥጋ ቶኬሺ ራሱ ወስዶ ድንጋዮቹ መካከል አስቀመጠው፤ ለሕፃን ሥጋ ምን ያደርግላታል ብላ ናቤ ኦባ በስኳር ቀየረችው። ጥቅምት ላይ የሁለቱም ማሠልጠኛ ሰዎች በአንድ ሰሌዳ ሥር ቆሙ፣ ሁሉም ግራ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ። ሰዉ ውብ ስልት ነው ብሎ አጨበጨበ።

ኢናፉኩ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። አሁን ጋራዡን የያዘው ከብራዚል መጥቶ በዚያው የቀረ አንድ ሰው ነው፤ ሶባዬን ሲበላ እንደ ዱሮው ስለ እርምጃዋ አይከራከርም። የትንሿን ስም የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ አንድም ቦታ አልተጻፈችም። እኔ አይቻት የማላውቃት፣ የተቀበረችበት ደጅ እንኳ ከዚያ ወዲህ ፈርሶ መንገድ የተሠራበት ሕፃን ግን በማላውቃቸው አገሮች ውስጥ ቦታ አላት፤ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ጥግ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ይሰበስቡላታል። ማታ ማታ ልምምዱ ሲጀመር መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ወደ ግራ ሲገፉ መረቁን ማማሰል አቆምና እስኪያልፏት እጠብቃለሁ።